የሕፃኑ አንጀት መጀመሪያ የሚፈልገው የእናቱን እንገር ነው

ክቡር አዘጋጅ፦

ስለ እርጎና ስለ ግመል ወተት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ በአንጀታችን የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የምናገኘው ከእርጎ እንደሆነ ተደርጎ ቀርቧል። እርጎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አብዛኛዎቹ አልፈው ይሄዳሉ እንጂ አንጀት ውስጥ ጎጆ አይቀልሱም። ያልፈላ የግመል ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላልና ይህም አብሮ ቢጻፍ መልካም ነበር።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ነገሩ የሚጀምረው ከማዋለጃ ክፍል ነው። በምጥ የሚወለድ ሕፃን ከእናቱ፣ በተለይም ከእናቱ አንጀት የሚመጡ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ጥናት 596 ሕፃናት ተመርምረው ነበር፤ በኦፕራሲዮን ከተወለዱት ብዙዎቹ ባክቴሮይድስ የተባለውን የእናት ባክቴሪያ አላገኙም፣ በምትኩ ሆስፒታል ውስጥ የሚገኙትን በብዛት ይዘዋል። ልዩነቱ ከወራት በኋላ በአብዛኛው ይጠባል። ኦፕራሲዮን ሕይወት ያድናልና ማንም እናት በዚህ ልትሸማቀቅ አይገባም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል ከ100 በላይ ዓይነት ስኳር አለ። ታዲያ ለማን ተሠራ? ቢፊዶባክቴሪያ ለሚባሉት የአንጀት ነዋሪዎች ነው። እነሱ ያንን በልተው አንጀቱን አሲዳማ ያደርጉታል፤ በሽታ አምጪዎቹም ቦታ ያጣሉ። ይህ ስኳር ከሁሉ ይበልጥ የሚበዛው በእንገሩ ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ግን ያ ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው፣ ሆዱን ያመዋል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ ሕፃኑም «አንጀቱ ይለስልስ» ተብሎ ቅቤ ይልሳል፣ ስኳር ውሃ ይጋታል። አያቶች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ። ቢሆንም በእጅ፣ በማንኪያና ባልፈላ ውሃ የሚገባው ባክቴሪያ፣ ከእናትየው ወተት ጋር ከሚገባው ቀድሞ ይደርሳል።

ሌላውን ባክቴሪያ ከቤተሰብ እናገኘዋለን። ከ20 አገሮች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች፣ ዘመድ ባይሆኑም፣ የአንጀት ባክቴሪያ እንደሚጋሩ አሳይቷል። በዚሁ መንገድ ክፉውም ይገባል፤ በሐረማያ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች በብዙ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ፣ ከዶሮና ከከብት ጋር የሚያያዘውን ካምፓይሎባክተር የተባለ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ አግኝተዋል። ዶሮዎቹ ሕፃኑ ከሚድህበት ቢለዩ፣ የእናቲቱም እጅ በሳሙና ቢታጠብ ብዙ ይረዳል። ለጉንፋን ሁሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን መግዛትም ይቅር፤ መድኃኒቱ ክፉና ደጉን ባክቴሪያ አይለይም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። እኛ ባለሙያዎች በኦፕራሲዮን የተወለደውንም ሕፃን፣ እናትየው ደህና እስከሆነች ድረስ ቶሎ ደረቷ ላይ እናድርገው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። ለእርጉዝ ሴት ብቻ መንገር አይበቃም፤ ቤት ውስጥ የሚወስኑት አማቷና እናቷ ናቸውና በቅድመ ወሊድ ክትትሉ ቀን እነሱም አብረው ይጠሩ። ጋዜጣችሁም ስለ እንገር በአማርኛ፣ ከተቻለም በኦሮምኛና በሶማሊኛ ቢጽፍ ከሳቢያን እስከ ገንደ ቆሬ ያሉ ቤቶች ይደርሳቸው ነበር።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከድሬዳዋ