ባለካርድ ስሊም ላፕቶፖችን ማስመጣት ስለማቆማችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ፤

ጉዳዩ፦ የውሳኔያችንን ምክንያት ስለማስረዳት

በተለምዶ ስሊም የምንላቸውንና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ (ምስልና ጨዋታ የሚያሠራ ለብቻው የተሠራ ክፍል) የተገጠመላቸውን ቀጫጭን ላፕቶፖች ማስመጣት አቁመናል። በምትካቸው የምናቀርበው ግራፊክሳቸው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራላቸውን፣ በገበያው ውስጥ ሼርድ እየተባሉ የሚጠሩትን ነው። ይህ ውሳኔና የዋጋ ጭማሪያችን ብዙዎቻችሁን እንዳስከፉ እናውቃለን። አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ፣ ሌሎቻችሁም በአካል መጥታችሁ «ካርድ የሌለውን በባለካርድ ዋጋ ትሸጣላችሁ»፣ «ካርቶኑን ከፍታችሁ ያገለገለ አስመሰላችሁት»፣ «ዕቃው ሲጠፋባችሁ ሰበብ ፈለጋችሁ» ብላችሁናል። ከተናገሩት መካከል ለብዙ ዓመታት አብረውን የቆዩ ስላሉበት ነገሩ ከምንገልጸው በላይ ተሰምቶናል። የለመዳችሁትን ዕቃ ፈልጋችሁ በማጣታችሁ ለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔው ግን በበቂ ምክንያት የተወሰነ ስለሆነ፣ ደብዳቤው ቢረዝምም እስከ መጨረሻው እንድታነቡልን በአክብሮት እንለምናለን።

ላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው የካርድ ስም፣ ካርዱ ምን ያህል እንደሚሠራ አይናገርም። የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2023 ለላፕቶፕ ያወጣው አርቲኤክስ 4050፣ ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ እንደፈቀደለት ከ35 ዋት እስከ 115 ዋት ድረስ ኃይል ሊያገኝ ይችላል። ከእርሱ በፊት የወጣው አርቲኤክስ 3050ም ከ35 እስከ 80 ዋት ይመደብለት ነበር። ወፍራሙ ላፕቶፕ ሰፊ ማቀዝቀዣና ትልቅ ቻርጀር ስላለው ከፍተኛውን ይሰጠዋል፤ ስሊሙ ግን ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስፍራ ስለሌለው ወደ ዝቅተኛው ይጠጋል። ስቲከሩ የሁለቱም አንድ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ከእኛ የገዛችሁት ኤምኤክስ 150 የሚባለው ካርድ በአንድ ስም ባለ 25 ዋትና ባለ 10 ዋት ሆኖ ይሸጥ እንደነበረ እ.ኤ.አ. በ2018 ታውቋል። የአንደኛው መነሻ ፍጥነት ከ1,400 ሜጋኸርዝ በላይ ሲሆን የሁለተኛው ከ940 በታች ነበር። ገዢው ይህን ከካርቶኑ ላይ አንብቦ ሊለይ አይችልም ነበር፤ ሻጩም እንዲሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በ35 ዋት የሚሠራ አርቲኤክስ 4050 እንኳ በአብዛኞቹ ጨዋታዎች አብሮ ከተሠራ ግራፊክስ ይበልጣል፤ ይህን አንክድም። ጥያቄያችን ልዩነቱ ለተከፈለበት ዋጋ፣ ለባሰው ሙቀትና ለጠፋው የባትሪ ሰዓት ይመጥናል ወይ የሚል ነው። በዚህ መካከል ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራው ግራፊክስ የድሮው አይደለም። በኤኤምዲ ራይዘን 7 7840ዩ ውስጥ ያለው ራዲዮን 780ኤም እና እ.ኤ.አ. በ2024 በወጡት የኢንቴል ኮር አልትራ 200ቪ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የሚገኘው አርክ 140ቪ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተጨማሪ ገንዘብ አውጥታችሁ ትገዙት ከነበረው ኤምኤክስ 450 የተሻለ ይሠራሉ። «ሼርድ ነው» የሚለው ቃል ዛሬም እንደ ስድብ መቆጠሩ እነዚህን ዕቃዎች ይበድላል።

የባትሪውን ነገር በቁጥር እናስረዳችሁ። በብዙ ስሊም ላፕቶፖች ላይ የምታገኙት ባትሪ 56 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ጽሑፍ እየጻፋችሁና ኢንተርኔት እየከፈታችሁ ላፕቶፑ በአማካይ 8 ዋት ቢወስድ 7 ሰዓት ይሠራል ማለት ነው። ካርዱ ምንም ሳይሠራ ነቅቶ በመቆየቱ ብቻ ፍጆታው ወደ 16 ዋት ቢያድግ፣ ያው ባትሪ በሦስት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ጨዋታ ወይም ሬንደር (የተሠራውን ምስል ወይም ቪዲዮ አጠናቅቆ ማውጣት) ተጀምሮ 60 ዋት ከተወሰደ ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ያውም ብዙዎቹ ላፕቶፖች ከሶኬት ሲነቀሉ የካርዱን ኃይል ራሳቸው ስለሚቀንሱት፣ የተከፈለበት ፍጥነት በባትሪ ላይ አይገኝም። ካርዱ ሥራ በሌለበት ጊዜ እንዲተኛ የሚያደርግ አሠራር ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለው። ይሁን እንጂ ከጀርባ የተከፈተ አንድ ፕሮግራም ሊያነቃው ይችላል። በብዙ ላፕቶፖችም የኤችዲኤምአይ መሰኪያው በቀጥታ ከካርዱ ጋር ስለሚያያዝ፣ ቴሌቪዥን ወይም ሞኒተር በሰካችሁ ቁጥር ካርዱ ይነሣል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለምንሠራ ሰዎች በ7 ሰዓትና በሦስት ሰዓት ተኩል መካከል ያለው ልዩነት የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። «ባትሪው አይዝም» ብላችሁ ከመለሳችኋቸው ባለካርድ ስሊሞች ውስጥ፣ በብዙዎቹ ላይ ያገኘነው ችግር ከባትሪው ሳይሆን ከማይተኛው ካርድ ነበር።

ይህም ወደ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ግራፊክሱን እንዲያዝ ወደሚያስችለው ፕሮግራም፣ ያመጣናል። ባለካርድ ስሊም ላፕቶፕ ሁለት የግራፊክስ ድራይቨር ይፈልጋል፤ አንዱ አብሮ ለተሠራው፣ ሌላው ለካርዱ። ሁለቱ ከላፕቶፑ አምራች የኃይል አስተዳደር ፕሮግራም ጋር ካልተስማሙ ስክሪኑ ላይ ምንም ችግር ሳይታይ ባትሪው ብቻ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ላይ ዊንዶውስ በራሱ ዝማኔ እኛ የጫንነውን ድራይቨር በሌላ፣ አንዳንዴም በቀደመ እትም ሊተካው ይችላል። አንዳንዶቻችሁ የምንጭነው ድራይቨር አዲሱ እንዳልሆነ ጠቅሳችሁ ወቅሳችሁናል። በቅድሚያ የምንጭነው የላፕቶፑ አምራች ለዚያ ሞዴል ፈትሾ ያወጣውን ነው። ከቺፕ ሠሪው በቀጥታ የሚወርደው አዲስ እትም ለወጣት ጨዋታ ወዳዶች ሊጠቅም ይችላል፤ ሒሳብ ለሚሠራና ትምህርት ለሚያስተምር ሰው ግን ላፕቶፑ ሲከደን በትክክል መተኛቱ ይበልጥበታል። ከዚህም ሌላ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ከ6ኛ እስከ 10ኛ ትውልድ ያሉትን የፕሮሰሰሮቹን ግራፊክሶች ዝማኔ ወደሚቀንስበት የድጋፍ ደረጃ አውርዷቸዋል። በዚህም ምክንያት በርካሽ የሚቀርቡልንን የእነዚያን ትውልዶች ዕቃዎች አልወሰድንም፤ ብንወስድ ኖሮ ዋጋችን በቀነሰ ነበር።

ስለ ካርቶኑ መከፈት የተነገረን ከሁሉም ይበልጥ አሳዝኖናል። ፓክድ የሆነ (ካርቶኑ ያልተከፈተ) ዕቃ መውሰድ እንደምትወዱ እናውቃለን፤ እኛም ገዢ ስንሆን እንደዚያው ነን። ነገር ግን ያልተከፈተ ካርቶን ውስጡ ያለውን ራም፣ ማለትም አብሮ የተሠራው ግራፊክስም የሚጋራውን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ አይነግረንም። አይሪስ ኤክስኢ የተባለው የኢንቴል ግራፊክስ በዚያ ስም የሚጠራውና በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ራሙ በሁለት መስመር ሲነበብ ብቻ ነው። አምራቹ አንድ 8 ጂቢ ራም ብቻ ሰክቶ የላከው እንደሆነ፣ ያው ፕሮሰሰር ዊንዶውስ ላይ «ዩኤችዲ ግራፊክስ» ተብሎ ይታያል፣ ፍጥነቱም በግልጽ ይቀንሳል። አንዲት የሥነ ሕንፃ ተማሪ ከሌላ ሱቅ የገዛችውን ላፕቶፕ ይዛ፣ «አይሪስ ነው ተብዬ ሐሰተኛ ሸጡልኝ» ብላ እያለቀሰች መጥታ ነበር። የታችኛውን ክዳን ፈትተን ባዶውን መሰኪያ አሳየናት፤ ሁለተኛ ራም ሰክተን ስንከፍተው ስሙ ተለውጦ አይሪስ ኤክስኢ ሆኖ ታየ። ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ልናደርግላት አንችልም ነበር። እንግዲህ ካርቶኑን የምንከፍተው ለዚህ ነው። ከከፈትን በኋላ የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አውጥተን ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን እናነጻጽራለን፤ በመጋዘን ብዙ የቆየ ዕቃ በዚህ ይታወቃል። የተገኘውን ውጤት፣ የራሙን አሰካክና የድራይቨሩን እትም በወረቀት ጽፈን ከቻርጀሩ ጋር እናስቀምጥላችኋለን። ይህን የሚያደርገው ባለሙያችን ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የዋጋ ጭማሪው አንዱ ክፍል ይኸው ነው።

የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያዎች ከሁሉም አብዝታችሁ ስለተቃወማችሁን ለብቻችሁ መልስ ይገባችኋል። አዳዲሶቹ ካሜራዎቻችሁ ቀለሙ እንዲበረክት 10 ቢት፣ 4፡2፡2 የሆነ (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ) ኤች.265 የተባለ የታመቀ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ይህን ዓይነት የታመቀ ፋይል ለማጫወት በራሱ ሃርድዌር መፍታት የኢንቴል አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ሲችል፣ የኤንቪዲያ ካርዶች ግን እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ እስኪመጣ ድረስ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ታይምላይኑ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ስትሉ እየተቆራረጠ የሚያስቸግራችሁን ፋይል የሚያቀልላችሁ ብዙ ጊዜ የናቃችሁት ግራፊክስ ነው። ኢፌክት ለማብዛትና የቀለም ሥራ ለማፍጠን ካርድ እንደሚጠቅም አንክድም፤ ነገር ግን የምታማርሩት ስለ መቆራረጡ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው ብለን የመከርናችሁ ለጥቅማችሁ ነበር።

ካርድ የግድ የሚያስፈልጋችሁ አላችሁ። ሉሚዮን በተባለው የሕንፃ ምስል ማውጫ ፕሮግራም የምትሠሩ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች፣ ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሬንደር የምታደርጉ፣ ከባድ ጨዋታ የምትጫወቱ፣ አብሮ በተሠራ ግራፊክስ እንድትቸገሩ አንፈልግም። ለእናንተ ወፈር ያሉትን፣ ካርዱ በቂ ዋት የሚያገኝባቸውን ላፕቶፖች በትእዛዝ ማምጣታችንን አላቋረጥንም። ክብደታቸው ትከሻ ይጎዳል፣ ቻርጀራቸውም ከባድ ነው፤ ነገር ግን የከፈላችሁበትን ሥራ ይሠራሉ።

አሁን ስለ ዋጋ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያን ሰሞን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ሲያልፍ፣ በዶላር የምናመጣው ዕቃ ዋጋ ሁሉ አብሮ ወጣ። ዕቃው ከዱባይ እስኪደርስ ያለው ማጓጓዣ፣ ቀረጡ፣ ታክሱና የሱቅ ኪራዩ ተደምረው የሚቀርልን ትርፍ እናንተ የምታስቡትን ያህል አይደለም። ባለካርድ ስሊም ብንሸጥ ይበልጥ እናተርፍ ነበር፤ ስሙ ራሱ ይሸጠዋልና ማስረዳትም አያስፈልገንም ነበር። እኛ ግን የመረጥነው ብዙ ማስረዳት የሚጠይቀውን ነው፤ «ለትርፋችሁ ነው» መባላችን ያሳዘነንም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ የሰዎችን ኮምፒውተር ፎርማት እያደረግሁና አቧራ እየጠረግሁ ነው። ያን ጊዜ ለመሸጥ የሚሆን ዕቃ አልነበረኝም፤ የነበረኝ ሰው ላፕቶፑን አምኖ ጥሎልኝ መሄዱ ብቻ ነበር። አካባቢው ፈርሶ ወደ መገናኛ ስንዛወር ደንበኞቻችንን የምናጣ መስሎን ተጨንቀን ነበር፤ እናንተ ግን ጠያይቃችሁ መጣችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን ዩኒቨርሲቲ ስታስገቡ የመጀመሪያ ላፕቶፓቸውን ከእኛ ገዛችሁ። እህት ወንድሞቻችሁ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ላፕቶፕ ሊልኩላችሁ ሲሉ እንኳ ከሱቁ ሳትገዙ ደውላችሁ ታማክሩናላችሁ፤ እኛም ራሙን፣ የባትሪውን ዋት-ሰዓትና የካርዱን ዋት ጠይቁ እያልን ያለ ክፍያ እንመክራለን፤ ወደፊትም እንዲሁ እናደርጋለን። እንዲህ ያለ ግንኙነት ባለበት ቤት፣ ከእጃችን በወጣ በዓመቱ «ምን ሸጣችሁልኝ?» የሚያሰኝ ዕቃ ማስረከብ አልቻልንም።

ከዚህ ውሳኔ በፊት ለባለካርድ ስሊም ቀብድ ከፍላችሁ የነበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ስትመጡ እንደ ምርጫችሁ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን ወይም በወፍራሙ ሞዴል እንቀይርላችኋለን፤ የተከፈለው ገንዘብ ባለበት ሆኖ የዋጋ ጭማሪው እንደማይመለከታችሁም እናረጋግጣለን። ቀደም ሲል ከእኛ የገዛችሁት ባለካርድ ስሊም ባትሪው ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዛችሁልን ኑ። ካርዱ ይተኛ እንደሆነ አይተን፣ ድራይቨሩን አስተካክለን፣ የባትሪ ሪፖርቱን ፊት ለፊታችሁ እናወጣለን፤ ለዚህ ክፍያ አንጠይቅም። ወደ ሌላ ሱቅ ለመሄድ የወሰናችሁም ብትኖሩ፣ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ መጥታችሁ ሁለቱን ዓይነት ላፕቶፖች ከሶኬት ነቅለን ጎን ለጎን ስናሠራቸው እንድታዩልን እንለምናለን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሱቁ ባለቤት
መገናኛ፣ አዲስ አበባ