የዋልካ አፈር ጥናታችን ከላቦራቶሪ ይውጣ፤ ክረምት ይለፍበት

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ክረምት በወጣ ቁጥር የጎጃም መንገዶች መሰነጣጠቅ መነጋገሪያ ይሆናል። ኮንትራክተሩ ይወቀሳል፤ ተቆጣጣሪው ይወቀሳል፤ ጥገናው ዘገየ ይባላል። ወቀሳው ተገቢ ሊሆን ይችላል። እኔ ማንሣት የምፈልገው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመንገዱ ሥር ስላለው ዋልካ አፈር በሲቪል ምህንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በየዓመቱ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጻፋል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ጥናት ግሬደር የሚያንቀሳቅሰው ሰው እጅ የሚደርሰው ለምን ይህን ያህል አነሰ?

አብዛኛው ጽሑፍ ያንኑ ሙከራ በሌላ ዱቄት ይደግማል። አንዱ ኖራ ይቀላቅላል፣ ሌላው የባጋስ (የተጨመቀ ሸንኮራ አገዳ ገለባ) አመድ፣ ሌላው የጤፍ ገለባ አመድ፣ ሌላው የእብነ በረድ ብናኝ። መደምደሚያው ግን አንድ ነው፤ ፕላስቲሲቲው (አፈሩ ረጥቦ እንደ ሊጥ የሚለወስበት የእርጥበት ክልል) ቀነሰ፣ ሲቢአሩ (የመሸከም አቅሙ መለኪያ) ከፍ አለ፣ እብጠቱ ወረደ። ውጤቱ ሐሰት ነው አልልም። የመንገዱን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ዋልካ በበጋ እንደሚሰነጠቅ፣ በክረምት እንደሚያብጥ የእነማይ፣ የሸበል በረንታና የደጀን ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። በአፈሩ ውስጥ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን አለ። ውኃ በስስ ንብብሮቹ መካከል ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ ሲደርቅ ተመልሰው ይጠጋጋሉ። አስፋልት ሲነጠፍበት የመንገዱ መሐል ከዝናብም ከፀሐይም ስለሚከለል እርጥበቱ ውሎ አድሮ ይረጋል። የመንገዱ ዳር ግን በየዓመቱ ይረጥባል፣ በየዓመቱ ይደርቃል። ስንጥቁ ሾልደሩን (የመንገዱን ዳርቻ) ተከትሎ በመንገዱ ርዝመት የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ባሕር ዛፍ መንገድ ዳር በተተከለበት ደግሞ ይብሳል፤ ሥሩ በበጋ ከአስፋልቱ ሥር ሳይቀር እርጥበት ይመጥጣል። የጎርፍ ቦይ ከሙሌቱ ግርጌ ተጠግቶ ሲቆፈርም የቆመው ውኃ በቀጥታ ወደ ዋልካው ይሰርጋል፤ ቦዩ የግድ ካስፈለገ ከግርጌው ቢያንስ 4 ሜትር ቢርቅ ይመረጣል። ጉዳቱ እንግዲህ የሚመጣው ከመርጠብና ከመድረቅ መፈራረቅ ነው። በላቦራቶሪ የምንለካው ግን አንድ ጊዜ ተነክሮ የወጣ ናሙና ነው።

እሱንም ቢሆን በትክክል ከለካነው ነው። ከናሙናው ልጀምር። አንድ የቅልቅል መጠን ብቻ በትልቁ ሞልድ (አፈሩ በሚጠቀጠቅበት የብረት ቅርጽ) ለመፈተን ለፕሮክተር (ለጥቅጠቃ ሙከራ) አምስት ነጥብ ወደ 30 ኪሎ፣ ለሲቢአር ሦስት ሞልድ ወደ 18 ኪሎ፣ ለወንፊትና ለአተርበርግ (ለፕላስቲሲቲ ሙከራ) ሌላ ጥቂት ኪሎ ደረቅ አፈር ያስፈልጋል። ኖራን በ0፣ በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 በመቶ የሚፈትን ተማሪ ከ250 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። በ7 እና በ28 ቀን ዕድሜ ደግሞ መፈተን ሲጨመርበት ከ300 ኪሎ ያልፋል። ከጉድጓድ የሚወጣው ዋልካ ደግሞ በደረቅ ክብደቱ ሲሰላ ከ30 እስከ 40 በመቶ ውኃ ሊይዝ ስለሚችል 400 ኪሎ እርጥብ አፈር ካልተጫነ አይበቃም። ሦስት ጆንያ ይዞ የተመለሰ ተማሪ ምን ያደርጋል? የተጠቀጠቀውን ሰብሮ መልሶ ይጠቀጥቃል። አንድ ጊዜ የተጠቀጠቀ አፈር ግን ያው አፈር አይደለም፤ ኖራ የገባበት ከሆነማ ጨርሶ ሊደገም አይችልም። ትራንስፖርቱ ውድ ነው፣ አንዳንዴም መንገዱ ራሱ አያስኬድም። ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ በወጣ አፈር ስለ አንድ ወረዳ መንገድ ሁሉ ይጻፋል።

ከዚያ ማድረቁ ይመጣል። ለአተርበርግ ሙከራ የሚሆን አፈር በአየር ይደርቃል እንጂ በ105 ዲግሪ ምድጃ አይገባም። የመራዊና የእንጅባራ አካባቢን የመሰለ ቀይ አፈር በተለይ በምድጃ ሲደርቅ ጠባዩ ሊለወጥና ፕላስቲሲቲው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ዋልካ ከውኃ ጋር ከተለወሰ በኋላም ወዲያው አይጠቀጠቅም፤ ውኃው ጓሉ ውስጥ እኩል እንዲዳረስ በፕላስቲክ ታሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ማደር አለበት። ወረፋ የበዛበት ላቦራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ እርምጃ ነው። መብራት በሚቋረጥበት ቦታ ደግሞ "24 ሰዓት ምድጃ ውስጥ ቆየ" የሚለው አነጋገር አይታመንም። ክብደቱ በተከታታይ ሲመዘን መለወጥ እስኪያቆም ድረስ ይደርቃል፤ የተመዘነውም ይመዘገባል።

ሲቢአሩን በቅርብ እንየው። ሞልዱ 4 ቀን ይነከራል፣ ዳያል ጌጁ (እብጠቱን የሚለካው መሣሪያ) ይነበባል፣ በማሽን ይጫናል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። ከተጫነ በኋላ አፈሩን ከሞልዱ አውጥቶ ለሁለት የከፈለው ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ከላይና ከታች ጥቂት ሴንቲሜትር ለስልሶ ጭቃ ሆኗል፤ መሐሉ ሲጠቀጠቅ የነበረበት እርጥበት ላይ ነው። ዋልካ ውኃ የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ስለሆነ 96 ሰዓት ብዙ ጊዜ አይበቃውም፤ የዳያሉም ንባብ በአራተኛው ቀን ገና እየወጣ ነው። ስለዚህ ንባቡ በየቀኑ ተወስዶ በግራፍ ይቀመጥ፤ መስመሩ ጋደም እስኪልም መንከሩ ይቀጥል። ሙከራው ሲያልቅ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች የተወሰደ እርጥበት አብሮ ይጻፍ። ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በአገራችን የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ሲቢአሩ 2 የሆነ መሬትና ሲቢአሩ 3 ወይም 4 የሆነ መሬት የተለያየ ምድብ ውስጥ ነው የሚገቡት። ምድቡ ሲለወጥ የሚነጠፈው የገረጋንቲና የጠጠር ውፍረት ይለወጣል።

ኖራውም እንደ አፈሩ ይፈተን። ተከፍቶ ወራት የተቀመጠ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል፤ "6 በመቶ ኖራ" የተባለው እንግዲህ በእውነት 3 ሊሆን ይችላል። መጠኑን ለመምረጥ ደግሞ አምስት የሲቢአር ስብስብ መፍጀት አያስፈልግም። በ425 ማይክሮን ወንፊት ያለፈ 25 ግራም አፈር ከ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃና ከተለያየ የኖራ መጠን ጋር በየጠርሙሱ ይበጠበጣል። ከ1 ሰዓት በኋላ ፒኤች (የአልካሊነት መጠኑ) ይለካል፤ 12.4 ያደረሰው ትንሹ መጠን መነሻ ይሆናል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን ብዙ ጆንያ አፈር ያድናል። ስለ ማቆያ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። ጊዜ ለመቆጠብ ናሙናውን 40 ዲግሪ ውስጥ ማቆየት የተለመደ ነው። ኖራና ሸክላ ተያይዘው የሚጠነክሩበት አዝጋሚ ሂደት ግን በሙቀት ይፋጠናል፣ በብርድ ይዘገያል። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷም ብርድ ነው። በ40 ዲግሪ የተገኘ ጥንካሬ እዚያ መንገድ ላይ በዚያው ጊዜ አይገኝም።

ዓባይ በረሃ ሲደረስ ደግሞ ኖራው ራሱ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ሸለቆ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረው ይገኛሉ። ጂፕሰም ሰልፌት ነው። ሰልፌት ያለበት ሸክላ ላይ ኖራና ውኃ ሲጨመር ኤትሪንጋይት የሚባል ማዕድን ይፈጠራል፤ ማዕድኑ ብዙ ውኃ ይዞ ስለሚያድግ የታከመው መሬት ካልታከመው በላይ ሊያብጥ ይችላል። የአፈሩ ሰልፌት ከ0.3 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ከ0.8 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ኖራ ባይነካው ይሻላል። ከዚያ አካባቢ ናሙና ያመጣ ተማሪ የሰልፌት ምርመራ ሳያቀርብ ፕሮፖዛሉ መጽደቅ የለበትም።

አመዱንስ ከየት እናመጣዋለን? የ1 ኪሎ ሜትር መንገድ 7 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢታከም 1400 ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ክብደቱ ወደ 2000 ቶን ይጠጋል። 10 በመቶ አመድ ማለት 200 ቶን ነው። የጤፍ ገለባ ተቃጥሎ የሚተርፈው ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው ብንል እንኳ ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ2000 እስከ 4000 ቶን ገለባ መቃጠል አለበት። ያ ገለባ የከብት መኖና የቤት ምርጊት ነው። ይህን የሦስት መስመር ሒሳብ ያልያዘ ጽሑፍ "ርካሽና በአካባቢው የሚገኝ" ብሎ መደምደም የለበትም። ከጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ የባጋስ አመድ የተሻለ ተስፋ አለው፤ የሚጠራቀመው አንድ ቦታ ነው። እሱም ቢሆን ሳይቃጠል የቀረ ካርቦን ካለበት ወይም ከመጠን በላይ ጋይቶ ሲሊካው ከጠጠረ ከኖራ ጋር አይያያዝም። ስለዚህ ሲሊካ፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይዱ ተደምረው 70 በመቶ መሙላታቸው፣ ሲቃጠል የሚጎድለው ክብደትም ከ10 በመቶ አለመብለጡ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። ፕሮፖዛል ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይጸድቃል፤ ናሙና በበጋ ይወጣል፤ ጽሑፉ ሰኔ ላይ ይቀርባል። ተማሪው የሚመረቀው ልክ ዝናቡ ሲገባ ነው። ዋልካ ሥራውን የሚሠራበትን ወቅት ያየ ጥናት በዚህ አካሄድ ሊኖር አይችልም። መፍትሔው የአንዱ ተማሪ ሥራ የሚቀጥለው መነሻ እንዲሆን ማድረግ ነው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ ወይም በየፊናቸው ዋልካ ላይ ባለ አንድ የገጠር መንገድ 400 ሜትር ይያዙ። መቶው ሳይታከም ይቅር፤ መቶው በኖራ ይታከም፤ መቶው በኖራና በባጋስ አመድ፤ መቶው ዋልካው ተቆርጦ በገረጋንቲ ይተካ። በየ10 ሜትሩ መሐልና ሁለቱም ዳር ላይ ችካል ይተከል።

ችካሎቹ ግንቦት ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ከዚያም መስከረም ላይ፣ ውኃ ሲጠግብ፣ በሌቭል (በከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ይነበቡ። እዚህ ላይ የሚበላሸው መነሻ ነጥቡ ነው። ቤንች ማርኩ (ከፍታው የሚነጻጸርበት ቋሚ ምልክት) ዋልካ ላይ ከተተከለ አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይወርዳል፤ እብጠቱም በወረቀት ላይ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ዓለት ላይ ወይም ዙሪያው በቱቦ ተከልሎ ከሚንቀሳቀሰው አፈር በታች ይታሰር። በእነዚሁ ሁለት ወቅቶች በእጅ ኦገር (መሰርሰሪያ) ከግማሽ፣ ከ1፣ ከ1.5 እና ከ2 ሜትር ጥልቀት የእርጥበት ናሙና ይውጣ። ጥንካሬው በዲሲፒ ይለካ። መሣሪያው 8 ኪሎ መዶሻ ከ575 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየወደቀ ባለ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ጫፍ ወደ መሬት የሚነዳ ዘንግ ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ይሸከመዋል፣ መብራት አይፈልግም። አንድ ተማሪ ሁለት ንባብ ብቻ ይኖረዋል። በአምስተኛው ዓመት ግን ዩኒቨርሲቲው የአምስት ክረምት መዝገብ ይይዛል።

ለዚህ ሁለት ነገር መለወጥ አለበት። አንደኛው ፈታኞች "ይህ ከዚህ በፊት ተሠርቷል" ማለትን እንደ ጉድለት መቁጠራቸውን ያቁሙ። የቀድሞውን ውጤት በሌላ ጉድጓድ አፈር ደግሞ መፈተንና ልዩነቱን ማስረዳት የተሟላ የማስተርስ ሥራ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከአዲስ አመድ አስበልጠዋለሁ። ሁለተኛው፣ ተማሪው ጥራዙን ብቻ ሳይሆን ጥሬ ንባቡን ሁሉ ያስረክብ። የጉድጓዱን ቦታ፣ ጥልቀቱን፣ ናሙናው የወጣበትን ወር፣ እያንዳንዱን ሞልድና የዳያል ንባብ ያስገባ። አማካይ ብቻ የያዘ ሠንጠረዥ ለተከታዩ ተማሪ አይጠቅምም፤ ከሦስት ሞልድ አንዱ ለምን እንደተለየ የሚታየው በጥሬው ንባብ ላይ ነው። ወደ መስክ መውጣት እንዲህ በከበደበት ጊዜ አንዴ የተጫነ 400 ኪሎ አፈር ለአንድ ሰው መመረቂያ ብቻ ውሎ መደፋት የለበትም። ትራፊው ታሽጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ።

ለሙከራ መንገዱ ከወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይበቃል። የቦታው መነሻና መድረሻ፣ ችካሎቹን የሚጠብቀው አካል፣ በክረምት ጥገና ግሬደር ከመግባቱ በፊት ለማን እንደሚደወል ይጻፍበት። ኦፕሬተሩ ሳይነገረው ችካል ከነቀለ ያለፈው ንባብ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የመጀመሪያው ንባብ ግንቦት ላይ መወሰድ ስላለበት ስምምነቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ካልተፈረመ አንድ ሙሉ ክረምት ሳይለካ ያልፋል።

ከአክብሮት ጋር
የጂኦቴክኒክ ምህንድስና መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም