ኬክ ለምታስውቡ አባላት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ስለ ክሬምና ስለ ማስዋቢያ ጥያቄ ስለበዛ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ኬኩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቀዝ። ለብ ካለ የቅቤው ክሬም ይቀልጥና ይንሸራተታል። ከዚያ ስስ ክሬም ቀብታችሁ ለ30 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። ፍርፋሪው እዚያው ተይዞ ይቀራል፤ ሁለተኛው ቅብ ጥርት ብሎ ይወጣል። ለእኔ ከጌጡ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሥራ ነው።

ለቀለም ጄል ይሻላል፤ ፈሳሹ ክሬሙን ያቀጥነዋል። ቀይና ጥቁር ሲያድሩ ይደምቃሉ። ስለዚህ በዋዜማው አዘጋጁት እንጂ ገና ፈዛዛ ነው ብላችሁ ቀለም አትደራርቡ፤ ጣዕሙ ይመራል።

ፎንዳንት (እንደ ሊጥ ተዳምጦ ኬክ የሚሸፈንበት የስኳር ልባስ) የለበሰ ኬክ ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋል። አትንኩት፤ በራሱ ይደርቃል። ባለ ሁለት ደረጃ ከሆነ ታችኛው ውስጥ ድጋፍ ይግባ፤ ላይኛው ደግሞ የራሱ ካርቶን ይኑረው።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር። የሚያብለጨልጭ ዱቄት ስትገዙ «መርዛማ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ አይበቃም። «የሚበላ» መባሉንና የተሠራበት ነገር መዘርዘሩን እዩ። ዕድሜ ልክ አንዴ የሚከበር ቀን ላይ ሰው መታመም የለበትም! ትኩስ አበባም እንደዚሁ ነው። ኦሊያንደርና ሃይድራንጃ ያምራሉ፣ ግን መርዝ አላቸው፤ ኬክ ላይ አይቀመጡ። ትእዛዝ ስትቀበሉም ለውዝ፣ እንቁላል ወይም ወተት የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙት።