«በርታ» ከምትሉት «አለህ?» በሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ መከራ ጊዜ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ከላይ እስከ ታች የሚለው ያው ነው፦ ብርቱ ሰው ይወጣዋል፣ ደካማው ይወድቃል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሽ ስለሚረዝም ቦታ ካጠራችሁ ቁረጡት።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ክፉ ጊዜ ገጥሞኝ ነበር። ዝርዝሩ ይቅር። ሥራዬን አጣሁ፣ ባላጠፋሁት ስሜ ጠፋ፣ ሰላም ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀመሩ። በዚያ ሰሞን «በርታ» ያላለኝ የለም። «ያልፋል»፣ «ለበጎ ነው»፣ «አንተ እኮ ጠንካራ ነህ»። ክፋት የላቸውም። ግን ስልኩ ሲዘጋ የባሰ ብቻዬን እሆን ነበር፤ በዚያ ሁሉ ላይ መበርታት የሚባል ሌላ ሥራ ተጨመረብኛ! አንድ ጓደኛዬ ግን ማታ ማታ ይደውላል። «አለህ?» ይላል። «አለሁ» እላለሁ። አንዳንዴ ከዚህ ሌላ ወሬ የለንም፣ ቻው ብሎ ይዘጋዋል። ያንን ስልክ ለማንሳት ስል ግን ቀኑን እገፋው ነበር።

የኔ እንኳ ቀላል ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ሃኖይ ውስጥ፣ ሆአ ሎ በሚባለው እስር ቤት የታሰሩትን አሜሪካውያን አብራሪዎች ተመልከቱ። ብዙዎቹን ለየብቻ ይዘጉባቸዋል። ማውራት ክልክል ነው፣ ሲያወራ የተያዘ አበሳውን ያያል። እ.ኤ.አ. በ1965 ካርላይል ሃሪስ የሚባል እስረኛ ድሮ ሥልጠና ላይ የሰማው አንድ ዘዴ ትዝ አለው። የእንግሊዝኛ ፊደላትን አምስት በአምስት ትደረድራለህ፣ አንዷ ስለምትተርፍ ኬን በሲ ትተካለህ፣ ከዚያ ግድግዳውን ማንኳኳት ነው፤ መጀመሪያ ፊደሉ ያለበትን ረድፍ፣ ቆም ብለህ ደግሞ በረድፉ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ። (በእኛ ፊደል ቢሆንማ ስማችንን ሳንጨርስ ይነጋ ነበር።) ሰዎቹ ግን በዚህ ቀልድ ሳይቀር ይነጋገሩበት ነበር። ማን እንደገባ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ድምፁ እንደጠፋ ይለዋወጣሉ፤ የታሳሪዎቹን ስም ዝርዝር በቃላቸው ይይዛሉ። ሲሰናበቱ ሦስት ፊደል ያንኳኳሉ፣ እግዜር ይባርክህ ማለት ነው።

ከሁሉም የነካኝ ከምርመራ የሚመለሰው ሰው ነው። ተገርፎ ተገርፎ በመጨረሻ የጠየቁትን የተናገረ ወይም የፈረመ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ አካሉ ብቻ አይደለም የተሰበረው፤ ጓደኞቼን ከዳሁ ብሎ ራሱን ይጠላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። ከታሰሩት መኮንኖች አንዱ የነበረው ጄምስ ስቶክዴል ይህን በራሱ ላይ አይቶታል፤ እሱም ተሰብሯል። ስለዚህ በመካከላቸው አንድ ስምምነት ነበር፦ የቻልከውን ያህል ተቋቋም፣ ከአቅምህ ሲያልፍ ብትናገር አንፈርድብህም፣ ነገ እንደገና ትጀምራለህ። ያ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ እያለ ከማዶ ግድግዳው ይንኳኳል። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ ብርቱው ማን ነው? የተሰበረው ሰውዬ ነው ወይስ የሚያንኳኳው? አሳዳጅ መቼም ሥራውን ያውቃል፤ ከዱላው በፊት ሰውን ከሰው ይነጥላል።

ስቶክዴል ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ተፈታ። ያልዘለቁት እነማን ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ «ለገና እንፈታለን» ይሉ የነበሩት ናቸው ብሏል። ገና ያልፋል፣ ለፋሲካ ይላሉ፣ ፋሲካም ያልፋል፤ በመጨረሻ ልባቸው ተሰብሮ ይሞታሉ። እሱ መውጣቱን ተጠራጥሮ አያውቅም፣ ቀን ግን አይቆርጥለትም ነበር። «ያልፋል» የምንለው እኛ እዚህ ላይ ትንሽ ብናስብ አይከፋም።

ማንዴላ የታሰረበት የደቡብ አፍሪካው የሮበን ደሴት እስረኞች ነገር ደግሞ ያስቀኛል፣ ደስም ይለኛል። ድንጋይ ሲፈልጡ የሚውሉ ሰዎች ኳስ እንጫወት ብለው ለዓመታት ለመኑ፣ ተከለከሉ፣ ደግመው ለመኑ። ሲፈቀድላቸው ዝም ብለው አልጠለዙም፤ ማካና የሚባል ማኅበር አቋቁመው በፊፋ ሕግ መተዳደር ጀመሩ። ዳኛ አላቸው፣ ኮሚቴ አላቸው፣ ይግባኝ አላቸው። እስረኛ እስረኛን በደብዳቤ ይከሳል! ማንዴላ ግን ከሌሎቹ ተለይቶ በተዘጋ ክፍል ስለነበር ከጨዋታው ተከልክሏል። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2007 የክብር አባልነት ሰጣቸው።

ግድግዳ ያንኳኳ ሁሉ ይድናል እያልኩ አይደለም። ዋርሶ ውስጥ ናዚዎች በከለሉት የአይሁዶች ሰፈር አማኑኤል ሪንግልብሉም የሚባል የታሪክ ሰው ስልሳ ያህል ሰዎች አሰባስቦ የዕለት ማስታወሻ፣ የተማሪ ድርሰት፣ የትራም ቲኬት፣ የከረሜላ ልጣጭ ሳይቀር በድብቅ ያስቀምጥ ነበር። በብረት ሣጥንና በወተት ጣሳ አድርገው ቀበሩት። ከመሃላቸው ከጦርነቱ የተረፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሪንግልብሉም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1944 ተገደለ። ሣጥኖቹ በ1946፣ ጣሳዎቹ በ1950 ተቆፍረው ወጡ። እነዚያን ሰዎች ደካማ የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። ፈጽሞ ለማያውቁት ሰው ነው ያንኳኩት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ብርቱ ብላችሁ አንድ ሰው ስታቀርቡልን፣ እንዴት ቻልከው ብላችሁ ብቻ አትለፉት። በዚያ ጊዜ ማን ይደውልልህ ነበር፣ ማን በርህን ያንኳኳ ነበር ብላችሁ ጠይቁልን።

እኔም ያንን ጓደኛዬን በቅርቡ ጠየቅኩት። ያን ሁሉ ማታ «አለህ?» ብቻ ብለህ የምትዘጋው ምን አስበህ ነው አልኩት።

«የምለው ጠፍቶኝ ነዋ» አለኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ