ፓኮውን ያመጣሁት እኔ ነኝ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ሳሉስ ተሻለህ? ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ድምፅህን ስሰማ ወሬው ወደ ሌላ ይሄድብኛል። ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ልናዘዝ። አጨስ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ማስቲካ እያኘክሁ ቤት ስገባ ገብቶህ ዝም ያልከኝ ይመስለኛል። አሁን ካቆምኩ አምስት ወር ከአሥር ቀን ሆኖኛል።

ሁለተኛው ኑዛዜ ይከብዳል። አሥራ አራት ዓመቴ ሳለ ለማቆም የሞከርክበትን ሳምንት ታስታውሳለህ? ለማንም ሳትናገር መተርኮሻውን ከጠረጴዛው ላይ አነሳኸው። በሁለተኛው ቀን በሩን ድርግም አድርገህ ዘጋኸው። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮው ጮኸ ብለህ ከእማዬ ጋር ተጣላችሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እማዬ ገንዘብ አስጨበጠችኝና «ሂድ ግዛለት፤ ሰላም ይስጠን» አለችኝ። ሮጬ ሄጄ ፓኮውን አመጣሁና እጅህ ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ዝም ብለህ አየኸው። ከዚያ ክብሪት አምጣ አልከኝ። እኔው ጫርኩልህ። ቤቱ ሰላም ሆነ። ሁላችንም ደስ አለን።

ከዚያ በኋላ «አባዬ ሞክሮ አቃተው» እያልን ስናወራ ኖርን።

የራሴ ሲደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። ኒኮቲን ሲቋረጥ አራራው የሚበረታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ይረግባል። ቁጣውና እንቅልፍ ማጣቱ ለብዙ ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። አንተ በአራተኛው ቀን ክፉውን አልፈኸው ነበር ማለት ነው። እኛ ነን የመለስንህ። ይቅርታ አባዬ።

እኔም ሁለት ጊዜ ብቻዬን ሞክሬ ወድቄያለሁ። ለማንም ስላልነገርኩ፣ መልሼ ስጀምርም የታዘበኝ አልነበረም። ያ ነው ጉዱ። በሦስተኛው ግን አንድ ባልደረባዬ አብረን እናቁም አለኝ። ቀን ቆረጥን። በየማለዳው የምንላላከው ቁጥር ብቻ ነበር። «4»። «5»። «6»። አራራው ሲመጣ ደግሞ መደወል ነው። ብዙ ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም፤ እኛ አለቃችንን አምተን ሳንጨርስ ይሄዳል።

ለጤናዬ ብዬ ነው ያቆምኩት ብልህ ደስ ይልህ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያ ሰው «20» ብሎ ሲልክልኝ እኔ «1» ብዬ መመለሱን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያቆየኝ እሱ ነው፤ እልህ በለው። በኋላ ሳነብ እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አየሁ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 12 ሺህ ያህል ሰዎችን ለ32 ዓመት ተከታትሏል። ሰዎች ሲጋራ የሚተዉት በቡድን በቡድን ሆኖ ተገኘ። ከባልና ሚስት አንዱ ሲያቆም፣ ሌላው አጫሽ ሆኖ የመቀጠሉ ዕድል በ67 በመቶ ቀንሷል።

ባለቤቴ የረዳችኝ ደግሞ ባልጠበቅኩት መንገድ ነው። አንድ ማታ ለድስት ክዳን ብዬ ጮኽኩባት። ቀና ብላ አየችኝና «ስንተኛ ቀንህ ነው?» አለች። «ሦስተኛ።» «በቃ እሺ» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ አንተን ማን እንዲህ ብሎ ጠይቆህ ነበር?

«ከስልሳ በኋላ ምን ሊጠቅመኝ?» እንደምትል አውቃለሁ። ሪቻርድ ዶል የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሩን ሐኪሞች ለ50 ዓመት ተከታተለ። በስልሳ ዓመታቸው ያቆሙት፣ ማጨሱን ከቀጠሉት በአማካይ ሦስት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል። (ዶል ራሱም አጫሽ ነበር። ከዚህ ቀደም ብሎ የሠራውን ሌላ ጥናት ውጤት ሲያይ ነው የተወው።) ሦስት ዓመት ለአንተ ትንሽ ሊመስልህ ይችላል። ለእኔ አይደለም።

ከመጀመርህ በፊት ሐኪምህን አማክር። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን አለ፤ የሚታኘክም አለ። የሚዋጥ መድኃኒትም አለ። ማጨስ ሲቆም መጠናቸው መስተካከል ያለበት አንዳንድ መድኃኒቶች ስላሉ፣ የምትወስደውን ሁሉ ንገረው። ቡናም ቀንስ። ሲጋራ ካፌይንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፤ ሲጋራው ሲቀር ግን ያቺው የለመድካት ቡና ደምህ ውስጥ ትቆያለች። እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ አራራው መስሎኝ ነበር። ለካ ቡናው ነው።

ቀኑን አንተ ምረጥ። ንገረኝና መጥቼ አራቱን ቀን አብሬህ እሆናለሁ። አልመክርህም፤ ኮትህንም አላሸትም። ማለዳ ማለዳ ቁጥሩን ትልክልኛለህ፣ እኔም የእኔን እልክልሃለሁ። እማዬንም ጠይቄያታለሁ፤ «በዚህኛውስ ገንዘብ አልሰጥም» ብላ ስቃለች።

እሑድ እደውላለሁ። ቀን ካልመረጥክ ስለ ሌላ እናወራለን። ከመረጥክ ደግሞ በሩን የፈለግከውን ያህል ድርግም አድርገህ ዝጋው። እኔ ስንተኛ ቀንህ እንደሆነ ብቻ ነው የምጠይቅህ።

ልጅህ