ልጄ፣ የራስሽን ሂሳብ ንገሪኝ

ውድ ልጄ፣

ትምህርቱን ለሌላ ጊዜ እንዳስተላለፍሽው ከነገርሽኝ ጀምሮ ነገሩን ሳሰላስለው ሰነበትኩ። ምክንያትሽ "ኢኮኖሚው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም" የሚል ነው። ስጋትሽን አላቃልለውም። ደመወዝ ባለበት ቆሞ ወጪ ሲጨምር ማን የማይጨነቅ አለ?

ጆርጅ ካቶና የሚባል፣ ሃንጋሪ የተወለደ የሥነ ልቦና ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቤተሰቦችን ስለ ኑሯቸው መጠየቅ ጀመረ። ያኔ ብዙ ባለሙያዎች ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቷልና ኢኮኖሚው ይወድቃል ብለው ይሰጉ ነበር። ካቶና ያነጋገራቸው ቤተሰቦች ግን ተስፋ ነበራቸው። ሰው የሚገዛው ገንዘብ ስላለው ብቻ አይደለም፣ ልቡም ሊፈቅድለት ይገባል ይል ነበር።

ጥያቄው ዛሬም በየወሩ ይቀጥላል። ቤተሰባችሁ ካለፈው ዓመት ተሻለው ወይስ ባሰበት ይላሉ፤ ከዓመት በኋላስ ምን ትጠብቃላችሁ ይላሉ። ከዚያ ስለ አገሩ ይጠይቃሉ፤ የመጪውን ዓመት፣ ቀጥሎም የአምስቱን ዓመት። በመጨረሻ ትልልቅ የቤት ዕቃ ለመግዛት ጊዜው ጥሩ ነው ወይ ይላሉ። ከመልሶቹም የሕዝቡን ስሜት የሚያሳይ አንድ የመለኪያ ቁጥር ያወጣሉ።

ልብ በይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን የምትመልሺው ከራስሽ ኪስ ነው። ስለ አገሩ የሚጠየቀውን ግን ከዜና፣ ከሥራ ቦታ ወሬ፣ ከሰው ፊት ነው የምታነቢው። "እኔስ ደህና ነኝ፣ አገሩ ነው እንጂ" የሚል ሰው የሚበዛውም ለዚህ ይመስለኛል። አንቺም የነገርሽኝ የሰማሽውን ነው። የራስሽን ሂሳብ አንድም ቀን አላነሳሽልኝም።

ይህን ስል ሕዝብ በከንቱ ይፈራል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ያ መለኪያ ወደ 50 ወረደ፤ እስከዚያ ወር ድረስ ያን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. የ1966 ደረጃ እንደ 100 ነው የሚቆጠረው። የሚገርመው ሥራ አጥነቱ 3.6 በመቶ ብቻ ነበር። የዋጋ ንረቱ ግን 9.1 በመቶ ደርሷል። ሥራ ማጣት የሚደርስበት ጥቂት ሰው ነው፤ ዋጋ ግን የሁሉንም ቤት ያንኳኳል፣ ያውም በየቀኑ። ደግሞ "ንረቱ ቀነሰ" ሲባል ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም። የሚጨምርበት ፍጥነት ረገብ አለ ማለት ነው። ሰው የድሮውን ዋጋ ስለሚያስታውስ ቁጥሩ ቢሻሻልም ቅሬታው ቶሎ አይጠፋም። ትክክልም ነው።

ግን ደግሞ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቤተሰቦች ወጪ ንረቱ ተቀንሶለትም ጨምሯል። አፋቸው ተስፋ ቢቆርጥም ኑሯቸውን አላቆሙም።

ሁሉም ሰው በአንዴ እጁን ከሰበሰበ ሻጩ ገበያ ያጣል፣ ሠራተኛ ይቀንሳል፣ የተፈራውም ይመጣል። እንዲያም ሆኖ ለኢኮኖሚው ብለሽ ገንዘብሽን አውጪ አልልሽም። ያ ያንቺ ሸክም አይደለም።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሥራሽ ዛሬ ቢቆም ያጠራቀምሽው ስንት ወር ያኖርሻል? ለትምህርቱ የምትበደሪው ብድር ወለዱ እስከ መጨረሻው አንድ ነው ወይስ ሊጨምር ይችላል? እየሠራሽ መማር ይቻላል? እነዚህን አገሩ አይመልስልሽም፣ አንቺ ግን በአንድ ምሽት ታውቂያቸዋለሽ። መልሱ "አይሆንም" ከሆነ ማስተላለፍሽን እኔም እደግፋለሁ፣ ደግሜም አላነሳብሽም። "ይሆናል" ከሆነ ግን በሰሚ ሰሚ ፍርሃት አንድ ዓመት አታሳልፊ።

ቁጥሮቹን ጽፈሽ ላኪልኝ። የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን። የሚጎድለው ትንሽ ከሆነ እኛም የምንችለውን እናዋጣለን።

አባትሽ