ስለ ቸርኬህ ጥቁረት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 5 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ ለምንይችል፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ አንዲት ቃል ሳልልክልህ ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብትቀየመኝም ፍርድ ነው። ካሣ እንዲሆነኝ በሰኔ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ። «የኮሮላዋ የፊት ቸርኬ በታጠበ በሳምንቱ ይጠቁራል፤ የኋላው ደህና ነው። ባሸውም የማይለቅ ቡናማ ነጠብጣብ አለው» ብለኸኝ ነበር።

ጥቁሩ ዱቄት ከፍሬን የሚወጣ ነው። ፍሬን ስትይዝ ሸራው፣ ማለትም ጨምቆ የሚይዘው ክፍል፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ያሻል፤ ሁለቱም ይበላሉ። ከዲስኩ የብረት ብናኝ፣ ከሸራው ካርቦንና የተቃጠለ ሙጫ፣ እንደ አሠራሩም መዳብ ይረግፋል። ሲረግፍ ትኩስ ስለሆነ ቸርኬው ላይ እንዳረፈ ይጣበቃል። ካፊያ ወይም የሌሊት ጤዛ ሲያገኘው ብረቱ ይዝጋል፤ ያ አልለቅ ያለህ ነጠብጣብ እሱ ነው። አሉሚኒየም ቡናማ ዝገት ስለማያወጣ ቸርኬው ተበላሸ ብለህ አትደንግጥ፤ የዛገው ላዩ ላይ የተተከለው ብናኝ ነው። ዓይንህ ለማየት ከጓጓ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥተህ በፌስታል ጠቅልልና ያጠብክበት ባልዲ ሥር ስደደው። የብረት ብናኝ እንደ ፀጉር አብቅሎ ይወጣል።

የፊቱ የሚብሰው፣ መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚደፋ ነው፤ ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶ ያህሉ የፊት ፍሬን ነው። ያንተዋ ደግሞ ከኋላ በዲስክ ፈንታ ዙሪያው የተዘጋ የታምቡር ፍሬን ስላላት ብናኙ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ የፊት እኩል ከጠቆሩ ጤና ነው።

ጤና የማይሆነው አንዱ ከወንድሙ ተለይቶ ሲጠቁር ነው። ከመታጠቧ በፊት ቁጭ ብለህ ግራና ቀኙን አስተያይ። ቀኙ ብቻ ከሰል ከመሰለ፣ በሜዳ ፍሬን ብዙም ሳትነካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዳትና አቁመህ የእጅህን ጀርባ ወደ ሁለቱም ቸርኬዎች አስጠጋ፤ አትንካው። አንዱ ጎልቶ ከጋለ ሸራው ዲስኩን አልለቀቀም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹን ያቀፈው ብረት፣ የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፒኖች ደርቀው ወይም ዝገው ነው፤ አለዚያ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ተይዟል። መካኒኩ ፒኖቹን አውልቆ ጠርጎ የፍሬን ግራሶ ይቀባቸው። ተራ ግራሶ እንዳይቀባ ቆመህ ጠብቅ፤ የነዳጅ ዘር ያለበት ግራሶ የፒኑን ላስቲክ ያሳብጠዋል፣ ችግሩም በጥቂት ወር ተመልሶ ይመጣል።

ብናኙ ደረቅ መሆኑንም እይ። ቸርኬው በውስጥ በኩል ወፍራም ጥቁር ቅባት ተረጭቶበት ካገኘህ የአክስሉ ላስቲክ ተቀዷል። ቀጭን ርጥበት ሆኖ የፍሬን ዘይቱም ከቀነሰ፣ ማጠቡ ይቅርና መኪናዋን አታንቀሳቅሳት።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ ልውሰድህ፤ የቸርኬህ ጥቁረት ግማሹ የሚመረተው እዚያ ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ያን ሁሉ መንገድ እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከወረድህ ሸራውም ዲስኩም ይጋላሉ፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ ይበናል፣ ሲብስበትም መያዙን ይተዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፤ በሁለተኛ፣ ገደሉ ሲጠና በአንደኛ ሞተሩ ይያዛት። ፍጥነቱ ሲያልፍብህ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገህ ያዝና ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። እየነካኩ መውረድ ነው ሸራውን የሚጨርሰው። ከየትኛውም ሳሙና ይልቅ ቸርኬ የሚያነጣው ይህ ነው ብልህ አላጋነንኩም።

ድልድዩ አጠገብ ቆመህ ግን ጎማው ላይ ውኃ እንዳትደፋ። የጋለ ዲስክ ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲነካው ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ ፍሬን በያዝህ ቁጥር ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ይንቀጠቀጣል።

ቤት ደርሰህ አንድ ሰዓት ያህል ቆማ፣ ቸርኬው ሲዳሰስ ከቀዘቀዘ በኋላ ጥላ ውስጥ እጠባት። ሁለት ባለ 10 ሊትር ባልዲ ያዝ፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ብሩሹን ማለቅለቂያ። የመኪና ሻምፖ ካለህ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ከሌለህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ይበቃል። እነዚህን ባልዲዎችና ብሩሾች ለአካሏ አትጠቀምባቸው፤ የብረቱ ደቃቅ ቀለሙን ይጭረዋል። አንድ ጎማ ሳትጨርስ ወደ ሌላው አትሂድ። መጀመሪያ በደንብ ውኃ አፍስስበት፤ ደረቅ ብናኝ በጨርቅ ማሸት በካርታቤትራ እንደማሸት ነው። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ለፊቱ፣ ረዥም እጀታ ያለው ለቸርኬው ጣቶች ጀርባና ለውስጡ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለዳዶዎቹ ጉድጓድ። ብሩሹን ቶሎ ቶሎ አለቅልቅ። ብናኙን በአፍህም በኮምፕረሰርም እፍ አትበል። ያረጁ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ የሌለበትም ቢሆን ለሳንባ አይሆንም። አጣቢውንም ወንዝ ዳር አትፈልግ፤ መዳቡ ለዓሣ መርዝ ነው።

ለቡናማው ነጠብጣብ ሳሙና አቅም የለውም። ለዚህ የሚሸጥ፣ ብረት የሚያሟሟ የቸርኬ ፈሳሽ አለ፤ የመኪና ጌጣጌጥ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቅ። ከታጠበ በኋላ ትረጨዋለህ፤ ብረቱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ እንባ እንደሚያወርድ ይወርዳል። ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ ጓንት አድርግ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ሳይደርቅ በብዙ ውኃ ይታጠብ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል።

እንግዲህ እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲፈትጉ አይተህ አንተም ትሞክር ይሆናል። አደራህን! አመድ በውኃ ሲርስ አሉሚኒየም የሚበላ ኃይል አለው፣ ደቃቁም ይጭራል። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ የባትሪ ውኃ፣ የድስት ሽቦ፣ ሁሉም ያው ናቸው፤ የቸርኬውን ስስ መከላከያ ቀለም ያነሡታል፣ ከዚያ በኋላ ብናኙ እርቃኑን አሉሚኒየም ላይ ይተከልና ለዘለዓለም አይለቅም። ጎማው እንዲያብረቀርቅ ናፍጣ ልርጭልህ የሚል አጣቢም አይጠፋም፤ እንቢ በለው፤ ናፍጣ ላስቲክ ያበላሻል፣ ዲስክ ላይ ካረፈ ደግሞ ፍሬን ያሳጣሃል።

ስትጨርስ ቸርኬውን አድርቅና በሰፍነግ ስስ ሰም ቀባው፤ ደርቆ ጉም ሲመስል በንጹሕ ጨርቅ ወልውለው። ብናኙ ከዚያ በኋላ በውኃ ብቻ ይወርዳል። ሰሙ ዲስኩ ጋ ዝር እንዳይል። ከዚያ በዝግታ ትንሽ ንዳትና ፍሬኑን አራት አምስት ጊዜ በስሱ ይዘህ አድርቀው። እርጥብ እንዳለች የእጅ ፍሬን ስበህ አታሳድራት፤ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ይጣበቃል። ሜዳ ላይ ማርሽ አስገብተህ ድንጋይ አስደግፍ። በማግስቱ ዲስኩ ብርቱካናማ ቢሆን በመጀመሪያው ፍሬን ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ሰሞኑን በ80 ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጎሚስታው ጋ ከመሄድህ በፊት የቸርኬውን ሆድ ዳስሰው። የቢቸና መረሬም ሆነ የቡሬ ቀይ አፈር ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተጋግሮ፣ መስከረም ሲጠባ እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ የአንድ እፍኝ ጭቃ ሚዛኑን ያዛባል። አርሰህ በእንጨት ፈልቅቀው፤ በካቻቢቴ አይሆንም። የተለጠፈችውን የሚዛን እርሳስ ጭቃ መስላህ እንዳትነቅላት።

ጎማውን በ10,000 ኪሎ ሜትር ስታዛውር ውስጡን ማጠቢያው ያኔ ነው። ጎማዋ መሬት ሳለች ዳዶዎቹን አላላ፣ ከዚያ በክሪክ አንሣት። ስትመልስ በመስቀል ተራ አጥብቅ፤ በመለኪያ ቁልፍ ሲጠብቅ ለኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቁልፉ ላይ ሰው ቆሞ አይዝለልበት። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ፈትሽ።

ብናኙን የሚከላከል ሳህን ከቸርኬው ጀርባ ግጠም ቢሉህ እንቢ በል። ነፋሱን ይዘጋና ፍሬኑን በበረሃው ያግመዋል። ሸራ ስትቀይር ግን ሴራሚክ የሚባለውን ጠይቅ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ብናኙ ግን ያንሳል፣ መልኩም ፈዘዝ ያለ ነው።

አሁን ያለው ሸራ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረው ለክተህ ጻፍልኝ። አዲሱ ከ10 እስከ 12 ነው፤ 3 ከደረሰ ለበዓል ወደኛ ከመምጣትህ በፊት አስቀይረው። ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ